የሐኪም እንቅልፍ

«ዓይንዎ እየከበደ ነው፤ ሽፋሽፍትዎን ማንሳት እያቃተዎት ነው ይላል ዶክተሩ» አልኳቸው።

«እንዲህ አለ?» አሉኝ ጋሽ በድሩ፣ ዓይናቸው እንደ ፈጠጠ።

«አዎ፣ እንዲህ ነው ያለው።»

«እንግዲያው ምን ይደረጋል» አሉና ጨፈኑ።

ዶክተሩ ፊቱ በርቶ ወደ እኔ ዞረና አንገቱን ነቀነቀ። የያዘውን ቴርሞሜትር ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሰው የሚያስተኛው በእሱ ነበር። በመስኮቱ ብርሃን ፊት ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘዋል፣ በሽተኛው በዓይኑ ይከተለዋል፣ ከዚያ ይተኛል። መጽሐፉ እንደዚያ ይላል። ከጋሽ በድሩ በፊት የተሞከረባቸው አንድ የቀራንዮ አዛውንት ግን መወዛወዙን ጥቂት በትዕግሥት ካዩ በኋላ ቴርሞሜትሩን ከእጁ ተቀብለው ብብታቸው ውስጥ ከተቱት።

እስቲ ልጠይቃችሁ። በይሉኝታ ተኝታችሁ ታውቃላችሁ? በይሉኝታ መብላትማ ሁላችንም የሠለጠንንበት ነው፤ ሆዳችን ሊፈነዳ ደርሶ ባለቤቲቱ ቅር እንዳይላት አንድ ጉርሻ እንጨምራለን። በይሉኝታ እንስቃለን፤ አለቃችን ያንኑ ቀልድ በየሳምንቱ ሲነግረን እንደ አዲስ ጉልበታችንን እየመታን እንንከተከታለን። ስሙን እንኳ በቅጡ ለማናውቀው ሟች ድንኳን ውስጥ ገብተን እናለቅሳለን። በይሉኝታ ያገባ ሰው አውቃለሁ፤ ዛሬ የአምስት ልጆች አባት ነው። በዚያን ጊዜ፣ በጃንሆይ የመጨረሻዎቹ ዓመታት፣ መሥሪያ ቤቱም ጋዜጣውም እኔም ዓይናችንን ጨፍነን ነበር የምንኖረው። የተኛ ግን አልነበረም። ሰው ሳይፈልግ ሊያስተኙት አይቻልም ይላል የዶክተሩ መጽሐፍ። የጻፈው ሰው ኮልፌ አልመጣም።

እኔ አስተርጓሚ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲውን በሁለተኛው ዓመት ትቼ፣ ለምን እንደተውኩት ለራሴም ሳላስረዳ፣ ኮልፌ አስፋልቱ ዳር ባለች ባለ ሦስት ክፍል ክሊኒክ ውስጥ የሰው ሕመም ወደ እንግሊዝኛ እመልስ ነበር። ሥራው ቀላል ይመስላል። «ሆዴ ባባ» ያለችኝን ባሏ የሞተባትን ሴት የጨጓራ መድኃኒት አሳዝዤባታለሁ። እሷም አመስግና ዋጠችው።

ዶክተሩ ረጅም፣ ለስላሳ፣ እጁን እንኳ ሲታጠብ ውሃውን የሚለማመጥ የሚመስል ሰው ነበር። ግማሹ በሽተኛ አካሉ ደህና ነው፣ የታመመው ሌላ ቦታ ነው ይል ነበር። ሂፕኖሲስ የሚሉትን ሕክምና በአገሩ ተምሯል። ሰውየውን ታስተኛዋለህ፣ ነቅቶ የማይናገረውን ታናግረዋለህ፣ ከተናገረው ይቀለዋል። ቆንጆ ሐሳብ ነው። ዛሬም ቆንጆ ነው እላለሁ። ሰፈሩ ግን ወሬውን እንደሰማ «አፍዝ አደንግዝ ነው» አለና ሴቶቹ ቀለበታቸውን እያወለቁ ለጎረቤት አደራ ሰጥተው መምጣት ጀመሩ። መምጣታቸውን ግን አልተዉም። መድኃኒት ያስፈልጋቸዋላ።

ጋሽ በድሩ ከአየር ጤና ወሊሶ የሚመላለስ የሐጂ ሱልጣን አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ከአራት ወር በፊት፣ ቱሉ ቦሎ ሳይደርሱ፣ መንገዱ ቀጥ ካለበት ላይ፣ ዳር የቆመች ሴት ገጭተው ገደሉ። ፍሬን እንቢ ብሎ ነው ተባለ። ፖሊስም ያንኑ ጻፈ። ሐጂ ሱልጣን ዋስ ሆነው ከእስር አስወጧቸው፤ ቤተሰባቸውም የሚኖረው በሐጂ ግቢ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ በድሩ እንቅልፍ የሚባል አጡ። ሼኩ ቁርአን ቀሩባቸው። ክርስቲያኗ ጎረቤታቸው ከቀራንዮ ጠበል አመጣችላቸው፤ እንዳይከፋት ብለው ጠጡላት። አልሆነም። ሐጂም በመጨረሻ ቁርጡን ተናገሩ፦ ዶክተሩ ድኗል ብሎ በወረቀት ከጻፈ የአውቶቡሱ ቁልፍ ይሰጠዋል፣ ካልጻፈ አይሰጠውም። ልክ ነበሩ። ከሁላችንም ልክ የነበሩት እሳቸው ናቸው ብል አላጋነንኩም።

እንግዲህ ወደዚያች ክፍል እንመለስ። ጋሽ በድሩ ጨፍነዋል። ሐጂ ሱልጣን በሳንቃው ግድግዳ በስተጀርባ፣ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ያስላሉ።

«መንገዱ ላይ ነዎት። ምን ይታይዎታል?» ይላል ዶክተሩ፤ እኔ አቀብላለሁ።

«አስፋልት።»

«ሌላስ?»

«ሴትዮዋ። ዳር ቆማለች። ቢጫ ሻሽ አስራለች።»

ይህንንም አቀበልኩ። ዶክተሩ ጻፈ። የሰማውን ሁሉ ካርድ ላይ የሚጽፍ ሰው ነበር፤ ካርዱን ደግሞ ከዘበኛው በስተቀር የማያነበው አልነበረም፣ ዘበኛው ማንበብ ስለማይችል።

«ከዚያስ?»

ድምፃቸውን ከሳንቃው እንዳያልፍ አድርገው ዝቅ አደረጉና፣ «ፍሬኑ ደህና ነበር» አሉ። «ፍሬኑ ምንም አልሆነም። እንቅልፍ ወስዶኝ ነው። ተሳፋሪዎቹ እሪ ሲሉ ነው የነቃሁት።»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን እንደያዘ አየኝ። «ምን አለ?» አለኝ።

ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ብትጠይቁኝ ብዙ የሚያምር ነገር ልነግራችሁ እችላለሁ። ስለ አራቱ ልጆቻቸው አሰብኩ እላችሁ ነበር። እውነቱ አጭር ነው፤ አፈርኩ። ሰው ያልሸፈነውን ገላ እንዳየሁ ሆንኩና የሚሸፈንበት ነገር ፈለግኩ። ቅርብ ያገኘሁት ፖሊስ የጻፈውን ነበር።

«ፍሬኑ እንቢ አለኝ፣ የአላህ ሥራ ነው ይላል» አልኩት በእንግሊዝኛ።

ዶክተሩ ጻፈ። ከዚያ ወንበሩን አስጠግቶ፣ ለታመመ ልጅ እንደሚነገር ባለ ድምፅ፣ ፍሬን የሰው ጥፋት እንዳልሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ ያን መንገድ ሲያስቡ ሰላም እንደሚሰማቸው፣ ራሳቸውን ትራስ ላይ ሲያደርጉ እንቅልፍ እንደሚወስዳቸው ነገራቸው። ቃል በቃል አስተረጎምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ አስተርጉሜ አላውቅም። አንድ ሰው ላልታመመው ሕመም ሲታከም ቆሜ አየሁ።

እስከ ሦስት ቆጠረ። ጋሽ በድሩ በሦስት ዓይናቸውን ገለጡ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ቀለለኝ» አሉ።

ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ክፍሉ ውስጥ በእውነት የዳነ ቢኖር እሱ ነው።

ግቢው ውስጥ፣ ቧንቧው አጠገብ ደረስኩባቸው። ፊታቸውን እየታጠቡ ነበር።

«ጋሼ፣ ተኝተው ነበር?»

«ምን እተኛለሁ! ሰውየው ላብ እስኪያጠምቀው ሲለፋ አሳዘነኝ እንጂ።»

«ታዲያ ያን ነገር...»

«ተኝቷል የተባለ ሰው ቢናገር ነውር የለበትም ብዬ ነዋ። ነቅቼማ በየት በኩል ላውጣው?» ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ትክ ብለው አዩኝ። «እኔ ፍሬኑ ደህና ነው አልኩ። ሰውየው ፍሬን የሰው ጥፋት አይደለም ብሎ መለሰልኝ። መሐል ላይ ማን ነው ያበላሸው?»

«ለእርስዎ ብዬ ነው። እስር ቤት ነው እኮ ጋሼ።»

«እስር ቤት እንቅልፍ አለ ይባላል» አሉኝ።

ቧንቧውን ዘጉት።

«ለሐጂ አልነዳም ይበሏቸዋ!»

«ዋስ ሆኖ ያስፈታኝን ሰው? በየትኛው አፌ?»

«እሺ ተመልሰን ለዶክተሩ እንንገረው።»

«አልቅሶ የሸኘኝን ሰው፣ ስትለፋ ዓይኔን ጨፍኜ ሳታልልህ ነበር ልበለው? አንተ ትለዋለህ? በል ሂድና ንገረው። እዚሁ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።»

ገባሁ። ዶክተሩ ለአገሩ ሰዎች ደብዳቤ እየጻፈ ነበር። ቀና ብሎ፣ በዚህ አገር አንድ ዓመት ሙሉ ስለፋ ዛሬ ገና አንድ ሰው ረዳሁ አለኝ። እኔም እንኳን ደስ አለህ ብዬው ወጣሁ። ጋሽ በድሩ ፊቴን አዩና አልጠየቁኝም። ሄዱ።

ወረቀቱን የተየብኩት እኔ ነኝ። «በሚገባ ይተኛል። መንዳት ይችላል።» ሁለት መስመር። ማሽኑ ላይ እንዳለ ረጅም ጊዜ አየሁት። የሰው ልጅ ከዚያ ባነሰ ምክንያት ወረቀት ቀዶ ያውቃል። እኔ አውጥቼ አስፈረምኩት፣ ማኅተም አደረግኩበት፣ ማኅተሙ ስላልደመቀ ደገምኩት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ምን ልበል ብዬ እንደሄድኩ አላውቅም። ባለቤታቸው ዘምዘም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በር ላይ ተቀበለችኝ። ግቢው እንደ ቀብር ጸጥ ብሏል። ልጆቹ በምልክት ይጣላሉ። ጎረቤት ያለው ብረት ቀጥቃጭ መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር የሚመታው።

«አላህ ይስጥልን» አለች በሹክሹክታ። «እንደ ሕፃን ነው የሚተኛው። ስገባም ተኝቷል፣ ስወጣም ተኝቷል። አንዴ እንኳ አይገላበጥም።»

መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ጋሽ በድሩ በጀርባቸው ተጋድመው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ጨፍነዋል። እሷ ዞር ስትል አንድ ዓይናቸው ተገለጠ። አየኝ። ተከደነ።

አንድ ቤተሰብ በሙሉ፣ አንድ ሰፈር በሙሉ፣ ትንፋሹን ውጦ አንድ የነቃ ሰው ይጠብቅ ነበር። እንዴት ብዬ ልቀስቅሳቸው? የነቃ ሰው አይቀሰቀስም።

ሰኞ ጠዋት ወሊሶ ላለው ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ካርቶን እንዳደርስ ተላክሁ። በወር አንዴ የምሄድበት ነው። አየር ጤና ስደርስ ተራው የሐጂ ሱልጣን አውቶቡስ ሆነ። ጋሽ በድሩ መሪው ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው በርበሬ መስሏል፤ ጢማቸውን ግን ተላጭተው፣ ሸሚዛቸው ተተኩሶ ነበር። ሐጂ ራሳቸው በሩ ላይ ቆመው መንገደኛ ያስገባሉ።

ሕፃን ያዘለች ሴት አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ቆመች።

«ሾፌሩ ያ ሴትዮዋን የገጨው አይደለም እንዴ?» አለች።

«ድኗል እኮ ልጄ! ወረቀት አለው፣ የሐኪም ወረቀት» አሉ ሐጂ። ከዚያ እኔን አዩ። «ይኸውልሽ! የክሊኒኩ ልጅ ራሱ በእሱ መኪና ነው የሚሄደው። እሱን ጠይቂው።»

ሴትዮዋ አየችኝ። ወረፋው ሁሉ አየኝ።

ፈገግ አልኩ። የጠየቀችኝን የመለስኩላት በዚያ ነው። ሕፃኑን አስተካክላ አዘለችና ገባች፤ ከኋላዋ ሌሎቹም ገቡ።

ጋሽ በድሩ በመስኮቱ ጎንበስ አሉ። ከቅርብ ሲታዩ ከንፈራቸው ደርቋል።

«አንተ ልጅ» አሉኝ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «እኔ አልችልም። አንተ ትችላለህ። አሁን ንገራቸው።»

ሐጂ ሱልጣን እጃቸውን ዘርግተው ወደ እኔ እየመጡ ነበር፤ በሙሉ ፊታቸው እየሳቁ። ዞርኩ። አፌን ከፈትኩ።

«ደህና አደሩ፣ ሐጂ?» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ! ጋቢና ነው የምትገባው፤ አንተን ከኋላ አስቀምጬ ሰው ምን ይለኛል!» ብለው ክንዴን ይዘው ወሰዱኝ፣ ካርቶኑን ተቀብለው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

ጋሽ በድሩ አላዩኝም። ሞተሩን አስነሱ።

ሐጂ በሩን ገፉት። አልገጠመም። ከፍተው እንደገና፣ በሁለት እጃቸው ወረወሩት፤ ተዘጋ።