ቅቤ የሌለው ጨጨብሳ

ከምግብ ላይ ነገር መቀነስ የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የካዛንቺሱ ጎረቤቴ ጌትነት እንደዚያ ነው። ቤቱ ብስኩት ይጋግራል፣ ስኳር የለውም። ቆሎ ይቆላል፣ ጨው የለውም። በቃ፣ ጣዕም የሚባለውን ነገር እንደ በሽታ ነው የሚያየው። ምን ይደረግ?

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ቁርስ ጠራን። ሁዳዴን ሙሉ ጾመው የከረሙት እናቱ፣ እትዬ አስካለ፣ ነጭ ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። ጌትነት ጨጨብሳውን እየተንጎራደደ አቀረበ። ቅቤውን በተልባ ተክቶታል!

እትዬ አስካለ አንዴ ቀመሱና ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ጾሙ አልተፈታም እንዴ?»

«ማለቴ... ለጤናሽ ብዬ እኮ ነው፣ እማዬ።»

«ሁዳዴን ለፈጣሪዬ ብዬ ጾምኩ። ያንተን ደግሞ ለማን ብዬ ልጹም?»