ጎርፉ ያገባት ጎል

ሰው ስለ ልጅነቱ ኳስ ሲያወራ ልብ ብላችሁ ስሙት፤ ተሸንፎ አያውቅም። ሁሉም አጥቂ ነበር፣ ሁሉም አግቢ። ታዲያ ያ ሁሉ ጎል ሲገባ ተሸናፊው የት ሰፈር ይኖር ነበር? እኔ ልንገራችሁ፤ ሸዋ ሮቢት፣ ከአስፋልቱ በታች፣ እኛ ሰፈር፤ ከአንድ እሁድ በስተቀር።

ዘመኑ የደርግ ነው። አስፋልቱን የደሴ ከባድ መኪኖች ይዘውታል፣ ማሳውን ሽንኩርት። ለኳስ የተረፈን በበጋ ውሃው ሲሸሽ ብቅ የሚለው የወንዙ አሸዋ ነው። ሌላው ባዶ ቦታ ድንጋይ ብቻ ስለሆነ እዚያ የተጫወተ የእግሩን ጥፍር ጥሎ ይመለሳል። በአሸዋው ከላይ ሰፈር ልጆች ጋር ስንጣላ ከረምንና በመጨረሻ፣ ግማሻችን ወላሂ፣ ግማሻችን ማርያምን ብለን ተማማልን፤ አንድ ግጥሚያ፣ ያሸነፈ አሸዋውን ይወስዳል፣ የተሸነፈ ድንጋዩ ላይ ይጫወታል።

ቀኑ ሰኔ መግቢያ ላይ አንድ እሁድ ሆነ። አባቶቻችን ቀበሌ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ስም ስለሚጠራ ደፍሮ የሚቀር የለም። ሁለት ለሁለት ሆንንና ቀድሞ ያገባ ያሸንፋል ተባለ። ይሄኔ እግራቸውን ታመው ከስብሰባው የቀሩት ጋሽ ሰይድ ከሽንኩርት ማሳቸው ብቅ ብለው፣ ደብረ ሲና በኩል ጠቁሯልና ከወንዙ ውጡ አሉን። ቀና ብንል በአናታችን ላይ ቁራጭ ደመና የለም፣ ፀሐይዋ ትፋጃለች። ደጋ ሲዘንብ ጎርፉ ቆላ እንደሚወርድ እዚያ አገር ሕፃን ልጅም ያውቃል። እኛም እናውቃለን። ግን ሁለት ለሁለት ነው።

«ጋሽ ሰይድ፣ አንዲት ጎል ብቻ» አላቸው በረኛችን አሊ።

ከዚያ ወዲያ የሚበግረን ጠፋ። እኔማ ድንጋዩ ላይ ከምጫወት ውሃ ይውሰደኝ ብዬ ቆርጬ ነበር። የጭነት መኪና የመሰለ ድምፅ ከላይ ሲሰማ እንኳ የቆመ የለም። ጋሽ ሰይድ እያነከሱ ገቡና በዱላቸው እየነዱ ሁላችንንም አወጡን። የካልሲ ኳሳችን መሀል ሜዳ ቀረች። ቀይ ውሃ ግንድ እየገፋ ደረሰ፣ ኳሷን አነሳት፣ የላይ ሰፈር ጎል በነበሩት ሁለት ድንጋዮች መካከል ይዟት አለፈ።

ጎል ብለን ጮኽን። እነሱ ጎርፍ ተጫዋች አይደለም አሉ። አሊ ደግሞ፣ ጎርፉ የመጣው ከላይ ነው፣ የእነሱ ተጫዋች ቢሆን እንኳ በራሱ ላይ አግብቷል ብሎ ተከራከረ። ልንደባደብ ስንል ጋሽ ሰይድን ዳኛ አደረግናቸው። እሳቸውም ትንፋሻቸውን ሰብስበው ፈረዱ።

«ጎሏ ትጸድቃለች፣ አሸንፋችኋል። በሉ አሸዋችሁን ከወንዙ ተረከቡ።»

ወንዙ ክረምቱን ሙሉ አላስረከበንም። ጨዋታ መተው ደግሞ የማይታሰብ ነው። በማግስቱ አሸናፊና ተሸናፊ ጎን ለጎን ጎንበስ ብለን፣ ሜዳ እንዲሆነን የዚያን ባዶ ቦታ ድንጋይ ስንለቅም ዋልን። የእነሱ አምበል ድንጋይ ባቀበለኝ ቁጥር «ጎሏ አትቆጠርም» ይለኛል። እኔም እየተቀበልኩ እመልስለታለሁ።

«ትቆጠራለች።»