ጣት የነበረው ፈረስ

ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ ስጽፍ ሠላሳ ዓመት ሆኖኛል። ከስድስተኛ ክፍል ባቋርጥም ዳኞች ጽሑፌን ደግመው አያነቡም፤ አንዴ ይበቃቸዋል። የቀረውን ትምህርት ራሴ አንብቤ ደርሼበታለሁ።

«ካላየሁ አላምንም» ባይ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኛ ሰፈሩ ዘውዴ ይባላል። ዕድሜ ልኩን ጋሪ ስለነዳ ፈረስን እሱ የፈጠረው ይመስለዋል።

የዕድራችን ጸሐፊ ምርጫ ሰሞን፣ ከምድር ስለጠፋው ባለሦስት ጣት ፈረስ፣ ስለ ሂፓሪዮን አጫወትኩት። ስብሰባው ላይ ብድግ አለና፦

«ፈረስ ጣት ነበረው የሚል ሰው መዝገባችንን ይይዛል? ነገ ደግሞ በሬ ቀለበት ያደርግ ነበር ይለናል!» አለ።

ዕድርተኛው በሳቅ ፈረሰ፤ ምርጫው ለሳምንት ተላለፈ። አሥራ ሁለት ዓመት የያዝኩት ጸሐፊነት በሦስት ጣት ሊነጠቅ? ዝም ልበል እንዴ?

በማግስቱ ከሜክሲኮ ታክሲ ይዘን ሙዚየም ወሰድኩት። አስጎብኚዋ መስታወት ውስጥ ያለውን የእግር አጥንት አሳየችን፤ መሐል አንድ ትልቅ ጣት፣ ግራና ቀኝ ትንንሾች።

«ከአዋሽ ሸለቆ የተገኘ ነው፣ አባባ» አለችው።

ዘውዴ አጎንብሶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረ። «ታሞ ይሆናል» አለ።

«እነዚህስ? ሁሉም ታመው ነው?» ብላ ሌሎቹን አሳየችው።

እንግዲህ ሥራዬ ይህ ነው፦ በሳምንቱ ምርጫ ጸሐፊነቴን በሙሉ ድምፅ አጽንቻለሁ፤ ሂፓሪዮንን በዕድሩ ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሬአለሁ፤ ዘውዴን አሳምኛለሁ። አሁን ጌጃ ሰፈር ሰው ሰብስቦ «ባለሦስት ጣቱን ፈረስ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያላየ ዝም ይበል!» ይላል። እሱንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ።