ያለ ስኮርታ ጠፈር የወጣችው ሴት

በአገራችን መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቃት ጥያቄ አለች፤ «እውነተኛ ታሪክ ነው?» የምትል። እናንተም ጠይቃችኋታል፤ አትካዱ። ሻጩም መልሷን በቃሉ ይዟታል። መጽሐፉ የፍቅርም ይሁን የወንጀል፣ «እንዲያውም ባለታሪኳን አውቃታለሁ» ብሎ ይምላል፤ ገዢውም ባያምነውም ደስ ብሎት ይገዛል። ጣጣው የሚመጣው እንደ እኔ ያለ ቀበጥ ተነሥቶ ከመቶ ዓመት በኋላ ስለሚሆን ነገር የጻፈ እንደሆነ ነው። «እውነተኛ ታሪክ ነው?» ሲሉኝ ምን ልበል?

«ገና ነው» እል ነበር።

ደሴ ውስጥ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው፣ ጋዜጣና መጽሔቱ እንደ አሸን ፈልቶ፣ እስክሪብቶ የጨበጠ ሁሉ ደራሲ በሆነበት በዚያ ወራት፣ እኔም ከማን አንሼ ብዬ ሆጤ ባለችው ቤታችን ሦስት ክረምት ተቀምጬ አንድ የሳይንስ ልብወለድ ጻፍኩ። ርዕሱ «አራተኛዋ መንኮራኩር» ነው። ሦስት መንኮራኩሮች ወደ ጠፈር ሄደው ቀርተዋል፤ አራተኛዋን ዘይነባ የምትባል የቦሩ ሜዳ ገበሬ ልጅ ብቻዋን ታበራታለች። መጨረሻ ላይ ሞተሩ ውስጥ ያለች አንዲት ክብ ብረት ትሰበርና ዘይነባ በከዋክብት መካከል ቆማ ትቀራለች። አለቀ። ባለቤቴ አልማዝ ረቂቁን አንብባ «ምናለ ብትመልሳት?» አለችኝ። «ጥበብ ነው» አልኳት፤ ያን ጊዜ ባለታሪኩን ሳይገድል የሚጨርስ ደራሲ እንደ ልጅ ይቆጠር ነበርና። «እንግዲያው ጥበብህ ራትህን ይሥራልህ» ብላኝ ወጣች።

እውነቱን ልንገራችሁና የምመኘው ዝናን አልነበረም። (እሺ፣ ትንሽ ነበር።) የምመኘው አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «እውነት ነው?» ማለቱን ትቶ «ይኼ ነገር እንዴት ይሆናል?» ብሎ እንዲጠይቀኝ ነበር። በመምህርነቴ ይህችን ጥያቄ ሰምቻት አላውቅም። ተማሪዎቼ የሚጠይቁኝ «ቲቸር፣ ይኼ ፈተና ላይ ይመጣል?» ብቻ ነው።

ለሽፋኑ ሥዕል ኮምቦልቻ ወረድኩ። እዚያ ሰይድ የሚባል ሰዓሊ አለ፤ የከባድ መኪና በርና የጎሚስታ ቤት ታፔላ በመሣል የሚወዳደረው የለም። ሰይድ የሣለውን ጎማ ውሻ መጥቶ ይሸናበታል ይባላል። ርዕሱን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ሰጠሁትና፣ ጥበብ የሚያከብር ሰው ለመምሰል፣ «እንዴት እንደምትሥለው አልነግርህም፤ ነጻ ነህ» አልኩት። ከዚህ የባሰ የሞኝ ንግግር ተናግሬ አላውቅም። ሥዕሉ እንዳለቀ በቀጥታ አዲስ አበባ ለማተሚያ ቤቱ ተላከ፤ እኔ ያየሁት መጽሐፉ ታትሞ፣ በካርቶን ታሽጎ ሲመጣ ነው።

ሰማዩ ግሩም ነው። ከዋክብቱም ግሩም ናቸው። በከዋክብቱ መካከል አንድ የከባድ መኪና ጎማ ከኋላው እሳት እየተፋ ይበራል። ጥርሱ፣ ብሎኖቹ፣ ነፋስ የሚሞላባት ቀዳዳ ሳትቀር ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

«ሰይድ! ይኼ ምንድን ነው?»

«መንኮራኩር ነዋ!» አለኝ። «ቃሉ ቢጠፋኝ ቤተ መጻሕፍት ድረስ ሄጄ መዝገበ ቃላት አየሁ። የሠረገላ እግር ይላል። የዛሬ ሠረገላ ደግሞ መኪና ነው። አራተኛዋ ብለህ ጽፈህልኛል፤ አራተኛዋን ጎማ ሣልኩልህ።»

«እሳቱስ?»

«እሳቱ ፍጥነት ነው። ወላሂ፣ እሱን ከራሴ ነው የጨመርኩልህ!»

መዝገበ ቃላቱም አልዋሸ፤ ሰይድም አልዋሸ። መንኮራኩር የሚለውን የጥንት ቃል ከሠረገላ ነቅለን ጠፈር ላይ የሰቀልነው እኛ ፊደል ቆጠርን ባዮቹ ነን፤ ለሰይድ ግን የነገረው የለም። ልቆጣው አፌን ስከፍት ሳቄ ቀደመኝ።

ደሴ ፒያሳ ያለው መጽሐፍ ሻጭ መጽሐፌን ከመንጃ ፈቃድ ፈተና መለማመጃዎች ጎን ደረደረው። አላፊ አግዳሚ መስዬ ወደ ልብወለዶቹ አዛውረዋለሁ፤ በማግስቱ ተመልሶ ከመንገድ ምልክቶቹ ጎን አገኘዋለሁ። ጎረቤታችን እህት ምሕረት ደግሞ የወንጌል አማኝ ናትና፣ ነቢይ በራእይ ካየው የሰማይ መንኮራኩር ጋር አገናኝታው ለጸሎት ቡድኗ አምስት ገዛች። በሳምንቱ መንገድ ላይ አግኝታኝ እጄን ያዘችና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ ራእዩ መቼ መቼ ነው የሚመጣልህ?» አለችኝ።

«ክረምት ክረምት» አልኳት። ምን ልበላት!

መጽሐፉ ይሸጣል። ሾፌሩ ጎማ ፈልጎ፣ ምእመኑ ራእይ ፈልጎ ይገዛዋል፤ የእኔን ጥያቄ የሚጠይቅ ግን አልመጣም። ደስ ብሎኝ ከፋኝ።

አንድ ቀን በማስተምርበት ሰዓት ዘበኛው መጣና «ባለ ተሳቢ መኪና በሩን ዘግቶ ቆሟል። ሾፌሩ መጽሐፍ የጻፈው ይውጣልኝ ይላል» አለኝ። ዱላ መጣ አልኩ። ወጣሁ። ጋሽ ይማም ይባላሉ፤ ጢማቸውን ሒና የቀቡ፣ የተከበሩ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። በእጃቸው የያዙት መጽሐፌ ግራሶ በግራሶ ሆኗል።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ስለ ጎማ መስሎኝ ገዛሁት። ሐርቡ ላይ ጎማ ፈንድቶብኝ እስኪሠራልኝ ጥላ ሥር ተቀምጬ ጨረስኩት።» የመጨረሻውን ገጽ ገልጠው አሳዩኝ። «ያችን ልጅ በረሃ ላይ ጥለሃት መጣህ?»

«ጋሼ፣ ልብወለድ እኮ ነው…»

«አላህን ፍራ! እኔ ከዚህ አሰብ ስወርድ እንኳ ስኮርታ ሳልይዝ ወጥቼ አላውቅም። ያን የሚያህል መንገድ፣ የሰው ልጅ፣ ያለ ተጠባባቂ ጎማ ይላካል? ጎማውንማ ሽፋኑ ላይ አይቼዋለሁ፤ አለ! ለምን አትሰጣትም?»

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ሳቅ ጀምሬ አቆምኩ፤ አፈርኩም። ሦስት ክረምት ከእኔ ጋር የኖረችውን ልጅ እኚህ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ከእኔ አስበልጠው ወደዷት።

የመጀመሪያው እትም ሲያልቅ ሽፋኑን ልቀይር ብዬ ነበር። ሻጩ «ያለ ጎማው ማን ይገዛኛል?» ብሎ አሻፈረኝ አለ። ሽፋኑን ማስተካከል ሲያቅተኝ ልብወለዱን አስተካከልኩት። ሁለት ገጽ ጨመርኩ። ዘይነባ ወለሉን ትከፍትና፣ ልክ ሰይድ የሣላትን የመሰለች ተጠባባቂ ጎማ ታወጣለች፤ በተሰበረችው ብረት ቦታ ትገጥማትና ቦሩ ሜዳ፣ አባቷ ማሳ ዳር ታርፋለች። አልማዝ ይህን አንብባ ለምሳ ዶሮ ሠራች።

የሁለተኛውን እትም የመጀመሪያ ቅጂ ኮምቦልቻ ድረስ ለጋሽ ይማም ወሰድኩ። መኪናቸውን ተደግፈው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። ዘይነባ መሬት ስትረግጥ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ወደ ኋላ አንድ ገጽ ገለጡና ግንባራቸው ተቋጠረ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ግን አልገባኝም።»

«ምኑ፣ ጋሼ?»

«ብሎኑን ፈታች፤ ጥሩ። መንኮራኩሯን ከፍ ለማድረግ ግን ክሪኩን ምን ላይ አቆመችው? ከሥሯ መሬት የለ! ይኼ ነገር እንዴት ይሆናል?»

ጥያቄዬ መጣችልኝ! ጠመኔ ከኪሴ አወጣሁና የመኪናቸውን በር ሰሌዳ አድርጌ መሣል ጀመርኩ። እዚያ ክብደት የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ክሪክም እንደማያስፈልግ፣ ተራራ የሚያህለው ነገር በአንድ ጣት እንደሚገፋ አስረዳኋቸው። ጋሽ ይማም ሥዕሉን አዩ፤ ሰማዩን አዩ፤ ተሳቢያቸውን አዩ።

«አብሽር፣ መምህር» አሉኝ በመጨረሻ። «ታዲያ ክብደት ከሌለ፣ ስንት ኩንታል ትጭናለች?»