አቴ ክሪሲንግና ሠላሳ አንዱ ፈራሚዎች

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አለ፦ የጠየቅነውን የሚሰጠንና መጠየቅ የነበረብንን የሚሰጠን። ሁለተኛው ዓይነት በየከተማው አንድ ብቻ ይገኛል። ሁለት ቢሆኑ ከተማው አይችላቸውም።

የእኛው ክቡር ክሪሳንቶ ማግቡሆስ ናቸው። ሰፈሩ ግን «አቴ ክሪሲንግ» ይላቸዋል፤ አቴ ታላቅ እህት ማለት ነው። ወንድ ሆነው ተወልደው ልባቸው ወደ ወንድ የሚያደላ ሰዎች እኛ ዘንድ ብርቅ አይደሉም። አቴ ክሪሲንግም ባለጋሪ ሞተር እየነዱ ሰው ከሚያመላልሱት ከማንግ ዳሪዮ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል፤ ለታላቅ ወንድ ማንግ፣ ለታላቅ ሴት አሊንግ እንላለን። የፊየስታውን፣ የዓመታዊ በዓላችንን ንግሥት የሚያለብሱት እሳቸው ናቸው፤ የሙሽራ ቀሚስ የሚተቹትም እሳቸው።

መድኃኒት ቤቴ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ስለሆነ አሠራራቸውን ለአሥራ አንድ ዓመት አጥንቻለሁ። መጀመሪያ ጫማህን ያያሉ። ቀጥሎ ቁርስ ምን እንደበላህ ይጠይቃሉ። ከዚያ ንግግርህን ሳትጨርስ ወደ መደርደሪያው ይሄዳሉ።

አንዴ ስለ ዶሮ እርባታ ጠይቄ ስለ ብቸኝነት የሚያወራ ልብ ወለድ ሰጡኝ።

«አቴ፣ ዶሮዎቼ እኮ እየሞቱ ነው!»

«ዶሮማ ይሞታል፣ የኔ ቆንጆ። አንቺ ዶሮ የጀመርሽው የምታወሪው ሰው አጥተሽ ነው።»

እውነት ነበር። ዶሮዎቹም ሞቱ። የሕግ መጽሐፍ ለጠየቀው ትራፊክ ፖሊስ ደግሞ የፍቅር ግጥም ሰጡት፤ ለሁለት ሳምንት በከተማችን የተቀጣ ሹፌር አልነበረም።

ታዲያ የመዘምራኑ አለቃ አሊንግ ባሲሊሳ ከልጆች መደርደሪያ አንድ መጽሐፍ ይውጣልን ብለው ተነሡ። መጽሐፉ ሁለት ወንዶች፣ አብረው እየኖሩ፣ ወላጆቿን ያጣች ልጅ ሲያሳድጉና ጀልባ ሲሠሩ የሚያሳይ ነው።

«ከዚህ ልጆቻችን ምን ይማራሉ?»

«ጀልባ መሥራት፣ አሊንግ።»

ይህ መልስ ሠላሳ አንድ ፊርማ አመጣ። የሰፈሩ ሹም ካፒታን ነስቶሪዮ ጉዳዩን ቅዳሜ አያለሁ አሉ። ለአቴ ክሪሲንግ ነገሩ ቀላል አልነበረም። ያ መጽሐፍ ለሁለት ተገንጥሎ ሳለ በዓሣ ማጥመጃ ክር የሰፉት ማንግ ዳሪዮ ናቸው፤ ሌላ ቅጂም የለውም።

ማክሰኞ ጠዋት ማንግ ዳሪዮ ሞተራቸውን ሊያስነሱ ሲሉ ልባቸው ቆመ።

እዚህ ላይ አንድ ልማዳችንን ላስረዳ። ከለቅሶ ቤት የወጣ ሰው በቀጥታ ቤቱ አይገባም። ሞት ተከትሎት እንዳይገባ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ዐረፍ ማለት አለበት። ሰዉ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ዳቦ ቤቱ ነው፤ በዚያ ሳምንት ግን የዳቦ ቤቱ ምድጃ ተበላሽቶ ተዘግቷል። ዝናቡም አላባራ ብሏል። ለቅሶው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ከእነ አቴ ክሪሲንግ ቤት ነው። ቅርቡ ክፍት በር የቱ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ሠላሳ አንዱም ፈራሚዎች መጡ። እኛ እንጣላለን እንጂ ለቅሶ አንቀርም። ከለቅሶው ሲወጡ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጠው ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቁ። ጠረጴዛው ላይ አቤቱታቸው አለ፤ ከአቤቱታው ሥር መጽሐፉ። አሊንግ ባሲሊሳ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ቂጣ ይዘው ሦስት ቀን ተመላለሱ። በመስኮቴ አያቸው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ገጹን የሚገልጡት የተበላሸ ዓሣ እንደሚፈትሽ ሰው በአንድ ጣት ነው። በሦስተኛው ቀን መነጽራቸውን አድርገዋል።

ቅዳሜ ደረሰ፤ ካፒታኑ ዘንድ ተሰበሰብን። አቴ ክሪሲንግ ጥቁር ለብሰው ጥግ ላይ ተቀመጡ።

«መልስዎን እንስማ፣ አቴ» አሉ ካፒታኑ።

«ይውሰዱት፣ ካፒታን። ዛሬ የምከራከርበት ጉልበት የለኝም።»

ከእሳቸው አፍ ይህ ሲወጣ ሰምተን አናውቅም። አሊንግ ባሲሊሳ ብድግ አሉ።

«ማን አባቱ ነው የሚወስደው! የኔ ቅሬታ የመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ነው። ዋና ሳያስተምሯት ልጅቷን ብቻዋን ባሕር ላይ ይለቋታል?»

«ይሄ አቤቱታው ላይ የለም እኮ፣ አሊንግ» አሉ ካፒታኑ።

«ያን ጊዜማ መች አነበብኩትና!»

ካፒታኑ ግንባራቸውን አሹ። «ሳያነብ የፈረመ እጁን ያውጣ።»

ሠላሳ አንድ እጅ ወጣ። አንዱ የእኔ ነበር። አሊንግ ባሲሊሳ የሳል ሽሮፕ ሊገዙ መጥተው ወረቀቱን ባንኮኒዬ ላይ ሲዘረጉት፣ ደንበኛ ላለማስቀየም ብዬ አሥራ አራተኛ ሆኜ ፈርሜያለሁ።

አቴ ክሪሲንግ ትኩር ብለው አዩኝ። «አንቺም?»

«እኔም፣ አቴ።»

«ዶሮ መግደልሽ አንሶ!» አሉና ሳቁ። ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቃቸው ነበር፤ እያለቀሱ ነው የሳቁት።

የካፒታኑ የዕርቅ ወረቀት አጭር ነው፦ መጽሐፉ ከቦታው አይነቃነቅም፤ አቴ ክሪሲንግ ሐዘናቸውን እቤታቸው እንዲቀመጡ፣ የሟች አርባ እስኪወጣ ፈራሚዎቹ በየተራ ቤተ መጻሕፍቱን ይጠብቃሉ። ይህኛውን ከመፈረማችን በፊት ሁላችንም ሁለት ሁለት ጊዜ አነበብነው። አሊንግ ባሲሊሳ ሰኞን ወሰዱ፣ እኔ ረቡዕን።

አቴ ክሪሲንግ እቤት የተቀመጡት ሦስት ቀን ተኩል ነው። ከዚያ የመጽሐፍ አደራደሬ አስነዋሪ መሆኑን ሊነግሩኝ መጡ።

አርባው ከወጣ አምስት ወር ሆኖታል። ዛሬም ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ቤቴን ዘግቼ መንገዱን እሻገራለሁ። ተራሽ አብቅቷል ያለኝ ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።