የዘበነ ክንድ ሹመት

ሰቆጣ አስተዋይ ሹም አጥታ አታውቅም፤ እግዜር አብዝቶ ይስጣት። ያኔ አቡጀዲ የሚሸጠው በክንድ ነበርና ሻጩ ክንደ አጭር ወንድሙን ያቆማል፣ ገዢዋ ክንደ ረጅም አማቿን እየጎተተች ትመጣለች፤ ጠቡም በዛ። የገበያው ሹም አሰላስለው አሰላስለው፣ «ከዛሬ ወዲያ ክንድ ማለት የገበሬው የዘበነ ክንድ ነው!» ብለው አስነገሩ። ከሌላው ሰው ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለው ነገር ምን ይባል እንደሆነ አልተነገረም።

ሹሙ ጥንቁቅ ናቸው። «ሥራ እንዳያሳጥረው፣ ይህ ክንድ ከገበያ ውጭ አይታጠፍ!» ብለው በነጭ ጨርቅ ጠቀለሉለት። ዘበነም ክንዱን እንደ መቋሚያ ቀጥ አድርጎ ቤቱ ገባ።

ሚስቱ እናትነሽ ግን ዓይኗ ሰማዩ ላይ ነው። ገብሱ ደርሷል፤ የዓመት ጉርሳቸው እሱው ነው፤ በደሃና አገር በኩል ደግሞ በረዶ ያዘለ ደመና ጠቁሯል።

«ዘበነ፣ ማጭዱን አንሣ እንጂ! በረዶው ሊቀድመን ነው።»

«ሳያጥፉ ይታጨዳል? የመንግሥት ንብረት ላበላሽልሽ?»

«ገብሱስ?»

«እሱ የግል ጉዳይ ነው።»

እናትነሽ አልተቆጣችም፤ ጨዋ ናት። ብቻዋን ስታጭድ ዋለች፤ እኩሌታው እንደ ቆመ ጀንበር ጠለቀች። ቤት ገብታ ቂጣና የተልባ ወጥ አቀረበች። ዘበነ ክንዱን ወደ ገበታው ሰደደ።

«ውይ ጌታዬ! ምን ሊያደርጉ ነው?» አለች፤ ለሹመቱ ክብር አሁን አንቱ ብላዋለች።

«ልበላ ነዋ!»

«ሳይታጠፍ አፍዎ ይደርሳል? ሹሙ ቢሰሙስ?»

በግራ እንዳይበላ ነውር ሆነበት። «እንግዲያው አጉርሺኛ!»

«እኔ? ባልተሾመ ክንድ? ኧረ አልደፍርም!»

ቂጣውን እያጣጣመች ብቻዋን በላችው። ዘበነም ቂጣው እስኪያልቅ ያያት ነበር።

በነጋታው ነጩ ጨርቅ ግርግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ዋለ። በረዶው ሲወርድ ማሳው ላይ ያገኘው ቃርሚያ ብቻ ነው።

የገበያ ዕለት ሹሙ ክንዱ አጥሮ እንደሆነ ሊመረምሩ መጡ። ከዘበነ ክንድ በቀር ክንድ የሚባል የለምና፣ ያንኑ ክንድ በዚያው ክንድ ለኩት።

«ልክ አንድ ክንድ!» አሉ በኩራት። «አያችሁ? ማረፉ ነው የጠቀመው!»

እናትነሽ እልልታዋን አቀለጠችው። ዘበነ ግን ማጭድ ውኃ ያስቋጠረውን መዳፉን በጋቢው ሸፍኖ፣ አንገቱን ደፍቶ እጅ ነሣ።