ከአስር አንድ እየተባለ ያለቀው ዳቦ ቆሎ

እንግሊዞች የማጥፊያ ቃል ሞልቷቸዋል፤ እኛ ግን ያለ ምንም ቃል፣ በመዳፍ ብቻ ድምጥማጡን እናጠፋለን። አታምኑኝም? ሃዳር ጋኒም ሰፈር ያለችው ሱቄ ትመስክር።

ባለፈው ሐሙስ ለሰርግ የታዘዘ አንድ ሳፋ ዳቦ ቆሎ ባንኮኒው ላይ ተቀምጧል። ያዘዙት የሙሽራዋ እናት፣ የሮሽ ሃዓይኗ እትዬ ዘነቡ ናቸው፤ ማምሻውን መጥተው ይወስዱታል። እሳቸውን ያስቀየመ ነጋዴ የዚያን አገር ሰርግ ሁሉ እንደተሰናበተ ይቁጠረው።

ልጄ ሳሮን ጥግ ይዛ ለባግሩት፣ ለሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና፣ እንግሊዝኛ ታጠናለች። «ዴሲሜት» የሚል ቃል አስቸግሯታል። ምን ማለት ነው አልኳት። ሥሩ አስር ነው አለች፤ የጥንት ሮማውያን ያመፀ ጦር ሲቀጡ በዕጣ ከአስሩ አንዱን ያስገድሉ ነበር፣ ያውም በገዛ ጓደኞቹ እጅ። የዛሬው ሰው ግን «ፈጀ፣ አወደመ» ለማለት ይጠቀምበታል።

«ከአስር አንድ የት፣ ማውደም የት?»

«አባ፣ ቃል ቀስ በቀስ ይለወጣል። በሰደር?» አለችኝ፤ በዕብራይስጥ «እሺ?» ማለቷ ነው።

አልገባኝም። ደግነቱ አስተማሪዎቼ እየመጡ ነበር...

በርበሬ ሊገዙ የገቡት ጎረቤቴ አባ ታከለ አንዴ ዘገን አደረጉ። እኛ ዘንድ ሳይቀምሱ መግዛት የለም፤ ሽማግሌን «አይቅመሱ» የሚል ባለሱቅ ደግሞ ስሙ ከሱቁ ቀድሞ ይዘጋል። የሰርግ ነው ብዬ ባለሳልስ፣ «እንግዲያማ ሰው ፊት የሚቀርብ ከሆነ በደንብ ይቀመስ» ብለው ደገሙ።

ከሌሊት ሥራ የሚመለሱ ሁለት ሴቶች ተከተሉ። አንዷ ጨው አንሶታል ስትል ሌላዋ በዝቶበታል አለች። ክርክሩን ለመፍታት ሁለቱም እንደገና ቀመሱ፤ አባ ታከለም ለሽምግልና ተጠሩ። ሽማግሌ ደግሞ ሳያጣራ አይፈርድም...

ቀማሾቼ እስከ ቀትር ከአስር አንድ የሚያነሱ ሮማውያን ነበሩ። ከቀትር በኋላ የዛሬውን እንግሊዝኛ ጀመሩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእኔ ቆሎ በሰው እጅ ሄደ።

ማምሻውን እትዬ ዘነቡ ከሁለት እህቶቻቸው ጋር ደረሱ። ሳፋው ሥር የቀረችው ጥቂት ናት። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ቆይማ፣ መጀመሪያ እንቅመሰው።»

ሦስቱም ቀመሱ። ተያዩ። እንደገና ቀመሱ። ሳሮን ባዶውን ሳፋ አይታ መጽሐፏን ዘጋች።

እትዬ ዘነቡ እጃቸውን አራገፉና ፈገግ አሉ። «ግሩም ነው። በል፣ ከዚሁ አንድ ሳፋ ሙሉ ጠቅልልልን።»

ሮማውያን ከአስር አንድ ብለው ያቆሙት ለካ አዝነው አይደለም፤ የሚቀምስ ዘመድ ባይኖራቸው ነው።